ለኤች ፓይሎሪ የሚሠራውን አንቲባዮቲክ በካልቸር መለየት፦ ደረጃ በደረጃ

የተለመዱት የሰገራና የትንፋሽ ምርመራዎች ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ ጨጓራ ውስጥ መኖሩን ያሳያሉ፤ የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚያጠፋው ግን አያሳዩም። መድኃኒቱን በአግባቡ ጨርሶ ባክቴሪያው ላልጠፋለት ታካሚ በግምት ሌላ ከማዘዝ ካልቸርና ሴንሲቲቪቲ መሥራት ይሻላል። ባክቴሪያው ከጨጓራ እንደወጣ አየርና ድርቀት ቶሎ ስለሚገድሉት የሥራው ቁልፍ በሕይወት ማቆየት ነው።

1. ታካሚውን ማዘጋጀት። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ናሙናው ከሚወሰድበት ኢንዶስኮፒ 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክና ቢስመዝ 4 ሳምንት ቀድመው ሊቆሙ ይገባል። ውሳኔው የሐኪሙ ነው፤ ታካሚው በራሱ አያቋርጥ።

2. ናሙና መውሰድ። ከአንትረምም ከኮርፐስም ይወሰድ፤ ባክቴሪያው በጨጓራ ውስጥ እኩል አይሰራጭም። ለካልቸር የተወሰደ ናሙና ፎርማሊን እንዳይነካው ይጠንቀቁ።

3. ማድረስ። በንጹሕ ሳላይን ከሆነ በ6 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ይድረስ። መንገዱ ከረዘመ በማጓጓዣ ሚዲያ፣ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል።

4. መዝራት። ናሙናውን ፈጭተው እርጥበታቸውን ባልጨረሱ የደም አጋር ሳህኖች ላይ ይዝሩ። አንዱ ሳህን ሌሎች ተህዋሲያንን የሚከለክሉ እንደ ቫንኮማይሲን ያሉ መድኃኒቶች ይኑሩት። ሙቀቱ 37 ዲግሪ፣ አየሩ ኦክስጅን 5፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 10፣ ናይትሮጅን 85 በመቶ ይሁን።

5. መታገሥ። በ1982 በአውስትራሊያ ፐርዝ የተመራማሪዎቹ የባሪ ማርሻልና የሮቢን ዋረን ሳህኖች ከ2 ቀን በኋላ ይጣሉ ነበር። ባክቴሪያው የታየው በፋሲካ በዓል ምክንያት ሳህኖቹ ከተለመደው በላይ ኢንኩቤተር ውስጥ ሲቆዩ ነው። ከ3ኛው ቀን ጀምረው ይመልከቱ፤ እስከ 10ኛው ቀን ግን ተስፋ አይቁረጡ። ኮሎኒዎቹ እንደ ጤዛ ነጠብጣብ ጥቃቅንና ብርሃን አሳላፊ ናቸው።

6. ማረጋገጥ። በግራም ቀለም ቀላ ያሉ ጠማማ ዘንጎች ይታያሉ። ኦክሲዴስ፣ ካታሌስና ዩሪኤስ ሦስቱም ፖዘቲቭ መሆን አለባቸው፤ ዩሪኤሱ በደቂቃዎች ውስጥ ቀለም ይለውጣል።

7. ሴንሲቲቪቲ መሥራት። ከ2 እስከ 3 ቀን ዕድሜ ካለው ካልቸር ማክፋርላንድ 3 ድፍርስነት ያዘጋጁ፤ ያረጀ ካልቸር ወደ ክብ ቅርጽ ተለውጦ አያድግም። 5 በመቶ የፈረስ ደም ባለው ሙለር ሂንተን አጋር ላይ ቀብተው መጠኑ ደረጃ በደረጃ የሚጨምረውን የአንቲባዮቲክ ስትሪፕ ያስቀምጡ። በዚያው አየር 3 ቀን ይቆይ። ኤቲሲሲ 43504 የተባለውን መደበኛ የኤች ፓይሎሪ ዝርያ ለቁጥጥር አብረው ይሥሩ፤ የእሱ ውጤት ከተሳሳተ የታካሚው ውጤት አይወጣም።

8. ማንበብ። ዕድገቱ የቆመበት መስመር ስትሪፑን የሚነካበትን ቁጥር ይመዝግቡ። በአውሮፓው ኢዩካስት መመዘኛ ሌቮፍሎክሳሲን በሊትር ከ1፣ ሜትሮኒዳዞል ከ8 ሚሊግራም ካለፈ ባክቴሪያው ተላምዷል ይባላል። የሜትሮኒዳዞልን መላመድ መጠኑን በመጨመርና ከቢስመዝ ጋር በመስጠት በከፊል ማሸነፍ ይቻላል፤ ክላሪትሮማይሲንን ለተላመደ ግን መጠን መጨመር አያዋጣም።

9. ሪፖርት ማድረግ። «አላደገም» ማለት «ባክቴሪያው የለም» ማለት አይደለም፤ ይህን በግልጽ ይጻፉ። የተረፈ ናሙና ካለ የክላሪትሮማይሲን መላመድ በጂን ምርመራ ሊታይ ስለሚችል ለሐኪሙ ያሳውቁ።