ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በቤት ማገገም፦ አጥንቱ፣ ደሙና ጎመኑ

ክፍት የልብ ቀዶ ሕክምና ሲባል በአብዛኞቻችን ኅሊና ውስጥ የሚሳለው የቀዶ ሕክምናው ክፍል ነው። ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምናው የሚፈጀው ጥቂት ሰዓታትን ነው። የተቆረጠው አጥንት እስኪጠግን ግን ወራት ያስፈልጋሉ፤ የተተካውን ቫልቭ መጠበቅ ደግሞ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ይህ ሁለተኛው ሥራ የሚከናወነው በቤት፣ በማሳና በማእድ ቤት ሲሆን፣ ሠራተኞቹም ታማሚውና ቤተሰቡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኘውን ይፋግን በምሳሌነት ወስደን፣ ቫልቭ ተተክቶለት ወደዚያ የተመለሰ አንድ ወጣት በሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንመለከታለን።

ችግሩ ከየት ይጀምራል?

በአገራችን በርካታ ልጆችንና ወጣቶችን ለልብ ቀዶ ሕክምና የሚዳርገው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ሕመሙ የሚጀምረው ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ በሚመጣ የጉሮሮ ቁስለት፣ በተለምዶ ቶንሲል በምንለው ነው። የሰውነት የመከላከያ ኃይል ባክቴሪያውን ለማጥፋት ሲነሣ የልብን ቫልቮች ከጠላት ሳይለይ ያጠቃል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ቫልቮቹ ይጠብቃሉ፣ ወይም በደንብ መግጠም ይሳናቸዋል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው በግራው የልብ ክፍል የሚገኘው ሚትራል ቫልቭ ነው።

የልብንና የሳንባን ሥራ ተክቶ በሚሠራ ማሽን እየታገዘ የመጀመሪያውን የተሳካ ቀዶ ሕክምና ያከናወነው እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ጊበን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ሐኪሙ አልበርት ስታርና መሐንዲሱ ሎዌል ኤድዋርድስ የሠሩት ሰው ሠራሽ ቫልቭ በሚትራል ቫልቭ ቦታ ተተከለ። በኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናትን ለመርዳት በዶክተር በላይ አበጋዝ መሪነት ማኅበር የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ማኅበሩ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ያስገነባው የልብ ማእከል እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀመረ። ከይፋግ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑን ስናስብ፣ ታማሚው ወደ ቤቱ ይዞት የሚመለሰው ዕውቀት ምን ያህል ክብደት እንዳለው እንረዳለን።

አጥንቱ፦ የጀሪካን ፊዚክስ

ሐኪሙ ወደ ልብ ለመድረስ የደረትን አጥንት ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይሰነጥቃል። ሥራው ሲያልቅ ሁለቱ ክፋዮች በማይዝግ ሽቦ ይታሰራሉ። ሽቦው አጥንቱን አጋጥሞ ይይዛል እንጂ አያድነውም፤ የሚያድነው በስንጥቁ መካከል የሚያድገው አዲስ አጥንት ነው። ለዚህም በጥቅሉ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት ደግሞ 3 ወር ያህል ያስፈልጋል።

ትልልቆቹ የደረት ጡንቻዎች በአንድ ጫፋቸው ከዚሁ አጥንት፣ በሌላው ከክንድ ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ በእጃችን ከባድ ዕቃ ስናነሣ፣ ስንገፋ ወይም ስንጎትት ሁለቱን የአጥንት ክፋዮች ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንስባቸዋለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚፈቀደው ክብደት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ያህል ነው። በየቤቱ የምናውቀው ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ሸክሙ 20 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከተፈቀደው አራት እጥፍ በላይ ነው። በጀርባ ሲታዘል ደግሞ ገመዱ ደረትን ይጫናል። እንጨት መፍለጥ፣ እርፍ ይዞ ማረስና ሊጥ ማቡካትም ከዚሁ የሚቆጠሩ ናቸው። ታማሚው ከአልጋ ሲነሣ በእጁ ተደግፎ ሳይሆን በጎኑ ተገልብጦ እግሩን አስቀድሞ በማውረድ፣ ሲያስለው ደግሞ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ መሆን ይኖርበታል።

ይህ ማለት ግን ተኝቶ ይክረም ማለት አይደለም። በእግር መሄድ ልብን ያጠነክራል፣ ሳንባን ያጸዳል፣ ደም በእግር ሥሮች ውስጥ እንዳይረጋም ይከላከላል። በቀን ለጥቂት ጊዜ በ5 ደቂቃ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይቻላል፤ ልኩም እየተራመዱ ሳይቆራረጡ መነጋገር መቻል ነው። ቁስሉ በንጹሕ ውኃና ሳሙና በስሱ ታጥቦ መድረቅ አለበት፤ ቅቤም ሆነ ቅጠል አይደረግበትም። እስኪሽርም ድረስ ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ወይም ውኃ በቋጠረ የሩዝ ማሳ ውስጥ መሥራት አይገባም።

ደሙ፦ የሁለት አደጋዎች ሚዛን

ደም ከሰው ሠራሽ ቫልቭ ጋር ሲገናኝ ባዕድ ነገር እንደነካ ሁሉ ይረጋል። የረጋው ደም ቫልቩን ሊዘጋው፣ ወይም ተቆርሶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ታማሚው ዋርፋሪን የተባለውን እንክብል ዕድሜውን ሙሉ ይወስዳል። የመድኃኒቱ ታሪክ የሚጀምረው ከከብቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ላሞች ደማቸው አልቆም ብሎ ይሞቱ ነበር። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ ምክንያት የሆነውን ንጥረ ነገር ለየ፤ ከዚያ ጥናት የተገኘው ዋርፋሪን በመጀመሪያ ለአይጥ መርዝነት ዋለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ደግሞ ለሰው ሕክምና ተፈቀደ።

ጉበት አንዳንድ የደም ማርጊያ ፕሮቲኖችን ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል። ዋርፋሪን ያገለገለው ቫይታሚን ታድሶ እንደገና እንዳይሠራ ያግደዋል። መድኃኒቱ ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ደም ይፈስሳል። ሚዛኑ የሚለካው አይ.ኤን.አር. በተባለ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚገኘው የታማሚው ደም ለመርጋት የወሰደበትን ጊዜ ለጤነኛው ሰው ጊዜ በማካፈል ነው። ለምሳሌ የታማሚው 30 ሰከንድ፣ የጤነኛው 12 ሰከንድ ቢሆን 30 ÷ 12 = 2.5 ይሆናል። ነገር ግን የየቤተ ሙከራው ኬሚካል የተለያየ ስሜታዊነት ስላለው ውጤቱ በኬሚካሉ መለኪያ ቁጥር ከፍ ይደረጋል። መለኪያው 1 ከሆነ መልሱ 2.5 እንደሆነ ይቀራል፤ 1.2 ከሆነ ግን 3.0 ገደማ ይሆናል። በዚህ ስሌት አማካይነት የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ውጤቶች ሊነጻጸሩ ይችላሉ። በሚትራል ቦታ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው ሰው የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው።

ምርመራው በየጤና ኬላው ስለማይገኝ ታማሚው ርቆ መጓዝ ግድ ይሆንበታል። ቢሆንም ሊቀር አይገባም፤ ቁጥሩ ሲዛባ አስቀድሞ የሚሰማ ሕመም የለምና።

ጎመኑና ጾሙ

ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው። በፍስክ ወራት ጎመን አልፎ አልፎ የሚበላ ሰው በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት በየዕለቱ ቢበላው የመድኃኒቱ ኃይል ሊቀንስና ደሙ ሊረጋ ይችላል። ጾሙ ሲፈታ ጎመኑን በድንገት ቢተው ደግሞ በዚያው የእንክብል መጠን ደሙ ከልክ በላይ ሊቀጥን ይችላል። ታዲያ ጎመን ይከልከል? አይደለም። የሚፈለገው መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ እንዲሆን ነው። አመጋገቡ የሚለወጥ ከሆነም አስቀድሞ ለሐኪም መንገርና ምርመራውን ማቀራረብ ይገባል። እንክብሉ በቀን አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ሰዓት ይወሰዳል፤ ማታ ከተወሰደ ከጾም ሰዓት ጋር አይጋጭም።

አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክ፣ ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል የመድማትን አደጋ ስለሚጨምሩ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም። ዋግምት መታገም፣ እንጥል ማስቆረጥና በልማድ ጥርስ ማስነቀልም ለእንዲህ ያለ ሰው አደገኛ ናቸው። ዋርፋሪን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ደግሞ ሴት ታማሚ ከማርገዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር አለባት፤ በራሷ ፈቃድ ማቋረጡም ለሕይወቷ ያሰጋል።

መርፌውና ትኩሳቱ

አዲስ ቫልቭ መተካቱ ሩማቲክ ትኩሳትን አያስቀርም። የቀሩት ቫልቮች እንዳይጎዱ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ሐኪሙ አቁም እስካላለ ድረስ ይቀጥላል።

ይፋግን በመሰለ ወባ በሚገኝበት አካባቢ ትኩሳት የያዘው ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ወባን ነው። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው ሰው ግን ትኩሳት ባክቴሪያ በቫልቩ ላይ መስፈሩን ሊያመለክት ይችላል። ስለዚህ የወባ ምርመራ ማድረጉ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ «ልቤ ውስጥ ሰው ሠራሽ ቫልቭ አለ» ብሎ ለጤና ባለሙያው መናገር ያስፈልጋል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደም ለምርመራ ካልተወሰደ ባክቴሪያውን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ይሆናል።

ከዚህ ሌላ፣ ከቁስሉ መግል ሲወጣ፣ የደረት አጥንት ሲንቀሳቀስ ወይም ቀጭ ሲል፣ በጀርባ ሲተኛ ትንፋሽ ሲያጥር፣ እግር ሲያብጥ፣ ሰገራ ሲጠቁር፣ ፊት በድንገት ሲጣመም ወይም እጅ ሲዝል፣ እንዲሁም ይሰማ የነበረው የቫልቩ ቀጭታ ሲታፈን፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ከላይ እንዳየነው፣ የማገገም ሥራ በአብዛኛው የቤተሰብ ሥራ ነው። ውኃውን ሌላ ሰው ይቀዳል፤ ወጥ የምትሠራው እናት የጎመኑን ልክ ትጠብቃለች፤ የተማረው ወንድም የምርመራውን ቀንና ቁጥር በደብተር ይመዘግባል። ከአንባብያን መካከል እንዲህ ያለ ታማሚ በቤቱ ያለ ቢኖር፣ ያንን ደብተር ዛሬውኑ እንዲጀምር እንመክራለን።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የአንድ ታማሚ ደም በ24 ሰከንድ፣ የጤነኛ ሰው ደም በ12 ሰከንድ ቢረጋና የኬሚካሉ መለኪያ 1 ቢሆን አይ.ኤን.አር. ስንት ነው? ቫልቩ የተተከለው በሚትራል ቦታ ከሆነ ታማሚውን የሚያሰጋው መርጋት ነው ወይስ መፍሰስ?

2. ከቀዶ ሕክምናው 3 ሳምንት የሆነው ሰው ጀሪካኑን እስከ ምን ያህል ሊትር ሞልቶ ሊያነሣ ይችላል? ለምን?

3. በጾም መፍቻ ሰሞን የአይ.ኤን.አር. ምርመራ ማድረግ የሚመከረው በምን ምክንያት ነው?