ጎማ የሚሸከመው ክብደት ነው

የጎማ ንፋስ ስንል በጎማው ውስጥ የታመቀው አየር ወደ ውጭ የሚገፋበትን ኃይል ማለታችን ነው። የሚለካው በባር ወይም በፒኤስአይ ሲሆን፣ 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ያህል ነው። ቀጥሎ ሁለት ቃላት እንለይ። መሳብ ተሳቢውን ወደፊት መጎተት ነው፤ መሸከም ግን ክብደት ጎማው ላይ ማረፉ ነው። ንፋስ የሚመረጠው በሁለተኛው ነው፤ ሸክሙን በአብዛኛው የያዘው ላስቲኩ ሳይሆን አየሩ ነውና።

ስለዚህ «ከባድ ተሳቢ ልጎትት ነው፣ ስንት ልሙላ?» የሚል ሹፌር አስቀድሞ ጭነቱ የት እንዳረፈ ይይ። ከፊትም ከኋላም አክስል ያለው ተሳቢ ጭነቱን በራሱ ጎማዎች ይሸከማል። የፊት አክስል የሌለው ግማሽ ተሳቢ ግን ከጭነቱ ከፊሉን በጎታቹ የኋላ ጎማዎች ላይ ያሳርፋል።

የእያንዳንዱን ጎማ ድርሻ ለማወቅ አክስሉን አስመዝኖ ለጎማዎቹ ቁጥር ማካፈል ነው። ጎማው ጎን ላይ 156/150 ከተጻፈ፣ ነጠላ ሲሆን እስከ 4,000 ኪሎ፣ በጥንድ ሲታሰር እስከ 3,350 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። የፊት አክስል 7 ቶን ቢመዝን እያንዳንዱ ጎማ 3,500 ኪሎ ይይዛል። በአራት ጎማ የቆመ የኋላ አክስል 10 ቶን ቢመዝን ግን ለአንዱ የሚደርሰው 2,500 ነው። ከባዱ አክስል ቀላል ድርሻ ሰጠ፤ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ድርሻው ከታወቀ በኋላ ንፋሱ ከጎማው አምራች ሰንጠረዥ ይነበባል።

ጥንድ ጎማዎች እኩል ይሞሉ። አንዱ ከላላ ሸክሙ በጓደኛው ላይ ይወድቃል። ረዳቱ ማለዳ በብረት እየመታ በድምፅ ሲለይ ውጪኛው ደህና ይመስላል፤ የውስጠኛው ቫልቭ ለእጅ ስለማይመች ሳይለካ ይታለፋል። እኔ መለኪያ ሳይዝ የሚወጣን ከባድ መኪና ዝግጁ አልለውም።

ቀዝቃዛ ንፋስ የሚባለው ከጉዞ በፊት፣ ወይም መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመ በኋላ የሚለካው ነው። የሰንጠረዡ ቁጥርም ይኸው ነው። ከአዋሽ ወደ ሚሌ በቀትር ሲነዳ አየሩ ይሞቃል፤ 8 ባር የነበረው ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር 0.3 ባር ያህል ይጨምራል። ይህን ትርፍ ማስተንፈስ ስህተት ነው፦ ንፋሱ ያነሰው ጎማ በየዙሩ አብዝቶ ይታጠፋል፣ መታጠፉም ይበልጥ ያሞቀዋል። እኩል የተሞሉት ሁለቱ ጥንድ ጎማዎች እኩል ሞቀው አንዱ ከሌላው እጅግ ዝቅ ብሎ ከተነበበ ግን ዝቅ ያለው ንፋስ እያፈሰሰ ነውና ሚስማሩ ወይም የላላው ቫልቭ እዚያው ይፈለግ።