ፎርዋርድ ከማድረግዎ በፊት፦ የሰፈር ግሩፕ መልእክትን ማጣሪያ ሰባት ደረጃዎች

ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የአዲስ አበባ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆነ። በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶና በአያት ኮንዶሚኒየሞች የሚኖረው ሰው በዕጣም በኪራይም ከየሰፈሩ ተሰባስቦ የመጣ ነው። ብዙው ጎረቤቱን መጀመሪያ ያወቀው በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። የውሃ ተራ፣ የመብራት መጥፋት፣ የጠፋ ልጅ፣ የሚከራይ ቤት ሁሉ እዚያ ይነገራል። ግሩፑን ስለምናምነው፣ ሐሰትም ሲገባ ያለ ጥያቄ ይታመናል።

ማጣራት ደግሞ የጋዜጠኛ ሥራ ብቻ አይደለም። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ሊያደርገው ይችላል። ለመለማመጃ ይህን መልእክት እንውሰድ፦ «አስቸኳይ! አዲስ የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ተጀመረ። እስከ ነገ ብቻ። በዚህ ሊንክ ይመዝገቡ፤ ለ10 ሰው ያጋሩ።»

1. የሚጣራውን ነጥብ ይለዩ

መልእክቱን ቀስ ብለው ያንብቡና ሊረጋገጥ የሚችለውን አንድ ነገር በጥያቄ ያውጡ። እዚህ ላይ ጥያቄው «የከተማው አስተዳደር አዲስ ምዝገባ ጀምሯል ወይ?» ነው። «አስቸኳይ»፣ «እስከ ነገ ብቻ»፣ «ለ10 ሰው ያጋሩ» የሚሉት ሐረጎች መረጃ አይሰጡም፤ ሥራቸው እርስዎን ማጣደፍ ነው። ልብዎ ሲደነግጥ፣ ሲናደድ ወይም ከመጠን በላይ ሲደሰት እጅዎን ከስልኩ ላይ ያንሱ።

2. መልእክቱ የተነሳበትን ቦታ ይፈልጉ

ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት አናት ላይ የመጣበት ቻናል ስም ይታያል። ይጫኑትና ወደ ቻናሉ ይግቡ። ስምና አርማ ማንም ሰው መለጠፍ ይችላል፤ በ@ የሚጀምረው አድራሻ ግን የአንድ ቻናል ብቻ ነው። እውነተኛው መሥሪያ ቤት በራሱ ድረ ገጽ ካስቀመጠው አድራሻ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩት፤ አንዲት ፊደል መደገሟ ወይም አንዲት ሰረዝ መጨመሯ ሌላ ቻናል ለማድረግ ይበቃል። ወደ ቻናሉ የቆዩ ጽሑፎችም ይውረዱ። ትናንት የተከፈተ ቻናል የመንግሥት ቢሮ ነኝ ቢል አይመኑት።

ፌስቡክ ላይ ከሆነ ስለ ገጹ የሚገልጸውን ክፍል ይክፈቱ። መቼ እንደተከፈተ፣ ስንት ጊዜ ስም እንደቀየረና ብዙ ጊዜም አስተዳዳሪዎቹ ያሉበትን አገር ያሳያል። ትናንት የኳስ ገጽ የነበረ ዛሬ የቤቶች ገጽ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ።

3. ሊንኩን ሳይጫኑ ያንብቡ

ከ«://» በኋላ ከሚመጣው የመጀመሪያ እዝባር በፊት ያለውን የአድራሻውን መጨረሻ ይመልከቱ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ድረ ገጾች በአብዛኛው በ«ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» ያልቃሉ። «ጎቭ» የሚለው ቃል መሐል ገብቶ መጨረሻው ሌላ ከሆነ ይተዉት። የቴሌብር ወይም የባንክ የሚስጥር ቁጥር፣ ወይም በኤስኤምኤስ የደረሰዎትን ማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቅ ቅጽ ከሆነ ነገሩ እዚያው አልቋል፤ ሌባ ነው። ያን ኮድ ለማንም አይስጡ፣ ደዋዩ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ቢልዎትም።

4. ቀኑን ያረጋግጡ

እውነት የነበረ ነገር ጊዜው ሲያልፍ ያሳስታል። የኮንዶሚኒየሙ ዕጣ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም የከተማው አስተዳደር የ25,791 ቤቶች ዕጣ በይፋ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ መሥፈርቱን የማያሟሉ ሰዎች በመረጃው ውስጥ መካተታቸው ታወቀ፤ ዕጣው ተሰረዘና ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። የሐምሌውን ዜና በስክሪንሾት ያስቀመጠ ሰው የያዘው እውነተኛ ዜና ነበር፤ ግን የተሻረ ዜና ነው። ስለዚህ «እውነት ነው?» ካሉ በኋላ «ዛሬም ይሠራል?» ብለው ይጨምሩ።

የእኛ አገር የጊዜ አቆጣጠር ሌላም ጥንቃቄ ይጠይቃል። «2018» የሚል ቀን ያለበት ቪዲዮ አቆጣጠሩ የፈረንጆቹ ከሆነ በእኛ 2010 ወይም 2011 ነው። «ከ8፡00 ጀምሮ መብራት ይቋረጣል» የሚል ማስታወቂያም አንዱ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ብሎ ያነበዋል። የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ።

5. ፎቶውንና ቪዲዮውን ያገላብጡ

ያልተገላበጠ ያራል። ፎቶውን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡና ጎግል ሌንስ ውስጥ ያስገቡት፤ ከዚህ በፊት የት ታትሞ እንደነበር ይፈልግልዎታል። ቪዲዮ ከሆነ ግልጽ ምስል ላይ አቁመው ስክሪንሾት ያንሱና ያንኑ ይፈልጉ። ሌንስ ምንም ባያገኝ ፎቶው አዲስ ነው ማለት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ዓይንዎን ይጠቀሙ። የመኪናው ታርጋ የየት ነው? የሱቁ ጽሑፍ በምን ቋንቋ ነው? ወቅቱ ክረምት ሆኖ ሳለ በፎቶው ላይ መሬቱ ደርቋል?

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ምስሎች ላይ የግዕዝ ፊደል ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ይወጣል። ታፔላው ላይ ያለውን ያንብቡ፤ ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ከሆነ ይጠርጥሩ። «ባለሥልጣኑ እንዲህ አሉ» የሚል አጭር ድምፅ ከደረሰዎት ሙሉውን ንግግር ይፈልጉ።

6. የጉዳዩን ባለቤት ይጠይቁ

የመብራት ከሆነ 905፣ የውሃ ከሆነ 906፣ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ይደውሉ። የቤት ዕጣ ከሆነ የቤቶች ቢሮውን ይፋዊ ገጽና የከተማውን ጋዜጣ አዲስ ልሳንን ይመልከቱ፤ ወይም ወረዳ ጎራ ይበሉ። አገራዊ ወሬ ከሆነ ቢያንስ ሁለት መገናኛ ብዙኃን ያስተያዩ፤ አንዱ ከሌላው የገለበጠው ግን እንደ አንድ ይቆጠራል። ኢትዮጵያ ቼክና ሀቅቼክ በአማርኛ ያጣሩትን ያወጣሉ፤ ፍለጋው ውስጥ ቁልፍ ቃል ጽፈው ይሞክሩ።

7. ይወስኑ፣ ያርሙ

ፍርድዎ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ እውነት፣ ሐሰት፣ ገና ያልታወቀ። ያልታወቀው አይላክም። ሐሰት መሆኑን ካረጋገጡ እዚያው ግሩፕ ላይ ያርሙት፤ መጀመሪያ ትክክለኛውን ይጻፉ፣ ቀጥሎ ማስረጃውን ያያይዙ። የላኩት እማማ ወይም ጋሼ ከሆኑ ግን በሰው ፊት አያሳፍሯቸው፤ በግል ደውለው ያስረዱና ራሳቸው እንዲያጠፉት ይርዷቸው።

መልእክቱ የሰው ስም፣ ፎቶ ወይም መኖሪያ ይዞ «ይህ ሰው ጠላት ነው» የሚል ከሆነ ለማጣራት ብለው እንኳ ለሌላ አያስተላልፉት። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ መምህር ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በፌስቡክ ስማቸውና ፎቶአቸው ከክስ ጋር ከተሰራጨ በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም መጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ክሱ ቀጥሏል፤ አባት ግን አይመለሱም። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያዩ ለመድረኩ ሪፖርት ያድርጉ፣ ለግሩፑ አስተዳዳሪ ይንገሩ፣ ሰውየውን የሚያውቁት ከሆነ ያስጠንቅቁት።

ሕጉም አለ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወንጀሉ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲፈጸም እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል።

የብሎክ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ዛሬ ማታ በግሩፓችሁ አናት ላይ ሦስት ሕግ ሰክታችሁ አስቀምጡ፦ ምንጭ የሌለው አይለጠፍ፤ የሰው ፎቶ ከክስ ጋር አይለጠፍ፤ የተሳሳተ ያርም። ጎረቤትን ከሐሰት መጠበቅ ከሌባ እንደመጠበቅ ያለ የጋራ ግዴታ ነው፤ ከራሳችን ስልክ እንጀምር።