በእጅ የተጻፈው ጋዜጣ

ጋዜጣ ሲባል ብዙዎቻችን ማተሚያ ቤት ይታየናል። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» ግን ልክ እንደዚህ እንደኛ የግድግዳ ጋዜጣ በእጅ ጽሑፍ ነው የተጀመረው። ጀማሪውም አዲስ አበባ ይኖር የነበረው ግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያ ነው። በ1902 እ.ኤ.አ. በየሳምንቱ 24 ቅጂ በእጁ እየጻፈ ያወጣ ነበር። ስሙን ያወጡለት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። ብቸናና ሞጣ ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ሲገለብጥ ያየ ሰው የዚህ ድካም አይጠፋውም። ኋላ በማባዣ ቅጂው 200 ደረሰ።

በ1903 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአሜሪካ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ጃፓናውያን ስደተኞች «ራፉ ሺምፖ»ን በራሳቸው ቋንቋ መሠረቱ። በ1942 ጃፓናውያኑ ተግዘው ካምፕ ሲገቡ ጋዜጣው ተዘጋ፤ የማተሚያው ፊደል ከወለል ሥር ተደበቀ። በ1946 ወጥቶ ኅትመቱ ቀጠለ።

ልዩነቱን ልብ በሉ። ጃፓናውያኑ ለወገኖቻቸው በወገኖቻቸው ቋንቋ ጻፉ፤ ካቫዲያ ለአገሬው በአገሬው ቋንቋ ጻፈ። ሁለቱም ግን አንባቢያቸውን ያውቁ ነበር።

ፊደል የቆጠረ ልጅ የሚያነበው ካጣ ይረሳል። እንግዲህ ነገ ገጠር ስንመደብ «ማባዣ የለም» ብለን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ወረቀትና እስክርቢቶ ካለ ጋዜጣ አለ!