ማሩ ይቆይ፣ ጠጁ ይጠጣ

ሮቤና ጎባ ላይ በሆቴል፣ በምግብ ቤት ወይም በጠጅ ቤት የምትሠሩ ሰዎች፣ ከእናንተ ደጅ ጥቂት ሰዓት ርቆ ያለውን ሀብት በደንብ እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ሪራ አካባቢ ሲደርስ የሃረና ጫካ ውስጥ ይገባል። በዛፍ ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች የሚሰጡት ማር ከዚያ ነው የሚመጣው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህን ሰምቶ የሚመጣ እንግዳ ራት ላይ ሲቀመጥ የአገሩን መጠጥ ቢጠይቅ፣ ምን እንደምትቀዱለትና ለምን እንደሆነ መናገር መቻል አለባችሁ።

ወይን የለመደ እንግዳ የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዕድሜ ነው፤ «የስንት ዓመት ነው?» ይላል። በስፔን፣ ሪዮሃ በሚባለው አገር፣ ቴምፕራኒዮ ከተባለው ጥቁር ወይን የሚሠራው መጠጥ የሚመደበው በቆይታው ነው። ቀዩ ወይን «ክሪያንሳ» ለመባል ቢያንስ 2 ዓመት፣ «ሬሴርቫ» 3 ዓመት፣ «ግራን ሬሴርቫ» ደግሞ 5 ዓመት ይቆያል፤ ከዚህ ጊዜ የተወሰነውን በእንጨት በርሜል ውስጥ ነው የሚያሳልፈው። መቆየት የሚያስችለው ከፍሬው ልጣጭ የሚወጣው ምላስን የሚያደርቅ ታኒን፣ ኮምጣጣነቱና አየር የማያስገባው ጠርሙስ ነው። እኛ የምንጠምቀው ጠጅ ግን ልጣጭ የለውም፤ በጋን ወይም በጀሪካን ሆኖ በየቀኑ ስለሚከፈትም አየር ያገኘዋል። ከሁሉ በላይ የጠጅ ጌጡ የማሩ መዓዛ ነው፤ እሱ ደግሞ ቶሎ ይሸሻል። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ የሚቀመጠው ማሩ ነው፤ ጠጁን በትንሽ በትንሹ ጠምቃችሁ በጊዜው ሽጡት።

እንግዲህ ቅምሻ የሚጀምረው ከማሩ ነው። ማሩን ከመግዛታችሁ በፊት በንጹሕ ማንኪያ ውሰዱና መጀመሪያ አሽትቱ። ቀፎ ቆራጩ ንቡን ለማባረር ጭስ ይጠቀማል፤ ጭሱ ከበዛ ማሩ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያም እስከ ጠጁ ድረስ ይከተላችኋል። ይህን ጋኑ ሲታጠን ከሚመጣው የወይራ ሽታ ለዩት፤ የወይራው ለስላሳ ነው፣ የቀፎው ጭስ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ቀጥላችሁ ቅመሱ፤ ጣፋጩ ካለፈ በኋላ ምላስ ላይ የሚቀረውን ጠብቁ። አረፋ ያወጣና መኮምጠጥ የጀመረ ማር ሳይበስል የተቆረጠ ወይም እርጥበት የገባበት ነው። የማር የውሃ መጠን ከ20 በመቶ ሲያልፍ በራሱ መፍላት ይጀምራል።

የረጋ ማር ስኳር አለበት ማለት አይደለም። ማር በጣም ቶሎ የሚረጋው 14 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ የጎባና የሮቤ ጓዳ ደግሞ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ደንበኛ ሲጠራጠር ይህን በትዕግሥት አስረዱት። ለማቅለጥ እሳት ላይ አትጣዱት፤ ዕቃውን እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሙት። በክብሪት ማቃጠል ወይም ውሃ ላይ ማንጠባጠብ የሚባለው ፍተሻ ንጹሑን ከተቀላቀለው አይለይም። ስኳሩን በእርግጠኝነት የሚለየው ቤተ ሙከራ ነው፤ ለእናንተ የሚሻለው ከሚታወቅ ንብ አናቢ ከነሰፈፉ መግዛት ነው።

ማሩን ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ወይም ለምግብ በተሠራ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከምድጃ አርቃችሁ አስቀምጡ። ማር አሲድነት ስላለው የዛገ ቆርቆሮ ይበላል። እርጥበትም ከአየር ይስባል፤ የባሌ ዝናብ ደግሞ ረጅም ነው። በየዕቃው ላይ የተገዛበትን ወርና የመጣበትን ቀበሌ ጻፉ። ቡና ሲያብብ የተሠራው ማርና ሌላ አበባ ያበበበት ወቅት ማር አንድ ዓይነት ጠጅ አይወጣቸውም፤ ካልጻፋችሁ ደግሞ በክረምት አጋማሽ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋችኋል።

ወደ ጥንስሱ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀን በመቁጠር ነው። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ታጥኖ፣ 1 እጅ ማር በ3 እጅ ውሃ ተበርዞ፣ ጌሾው ገብቶ የሚፈላው እርሾ እንደ ሙቀቱ ነው የሚሠራው። ደሎ መና ላይ በጥቂት ቀናት የሚደርሰው ጠጅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ በሆነችው ጎባ እጥፉን ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ከአዲስ አበባ የመጣ የቀን ልክም ለጎባ አይሠራም። ዕቃውን ከመሬት አንሥታችሁ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ፣ ምድጃው በማይለበልበው ሞቃት ጥግ አኑሩት። መፍላቱ ሲበርድ በየሁለት ቀኑ ቅመሱ። መጀመሪያ ማሩ ይገዝፋል፤ ቀጥሎ ጌሾው መራራነቱን ያሳያል፤ ሁለቱ የተመጣጠኑ ሲመስላችሁ ጌሾውን አውጥታችሁ አጥልሉ። የጌሾ እንጨት ብዙ ከቆየ መራራነቱ እንደ መድኃኒት ይሆናል፤ ያንን ማር ጨምሮ መሸፈን አያስመሰግንም።

ከተጠለለ በኋላ የጎባ ብርድ ወዳጅ ይሆናል። ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ፣ ዕቃውን እስከ አፉ ሞልታችሁ አስቀምጡ፤ ጠጅን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡት ተሕዋስያን አየር ይፈልጋሉና ጎደሎ ጀሪካን ቶሎ ይበላሻል። ሲጎድል ወደ ትንሽ ዕቃ አዛውሩት። አንድ ነገር አደራ፦ መፍላቱን ያልጨረሰ ጠጅ በጠርሙስ አሽጋችሁ ሙቀት ላይ አታስቀምጡ፤ ጋዙ ጠርሙሱን ሊያፈነዳና ሰው ሊጎዳ ይችላል። በፋብሪካ የታሸገ ወይን የምትሸጡም፣ የባቱውም ሆነ የውጪው፣ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው ጫፍ መብራት ሥር አውርዱት፤ ቡሹን ለማርጠብ አጋድሙት፣ ከፍሪጅ ጀርባ ሙቀትም አርቁት።

ከምግብ ጋር ሲሆን የጠጁን ዓይነት ለዩ። ያልከረረው፣ ጣፋጭነቱ ያልጠፋው ጠጅ በርበሬ ለበዛበት ዶሮ ወጥ ይሆናል፤ ስኳሩ ማቃጠሉን ያበርደዋል። የከረረውና ጌሾው የሚሰማው ግን ከሚጥሚጣ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይብሳሉ፤ እሱን ለጮማ፣ ለጥሬ ሥጋ፣ በደንብ ለተጠበሰ የበግ ጥብስ አቅርቡ፣ መራራነቱ ስቡን ያጥባል። ቴምፕራኒዮም በአገሩ ከጠቦት ጥብስ ጋር የሚቀርበው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፤ ታኒኑ የሚለዝበው ሥጋና ስብ ሲያገኝ ነው። እንግዳው ጠርሙስ ይዞ ከመጣ የበግ ጥብስ እንጂ ቀይ ወጥ አትጠቁሙለት። ጠጁን ቀዝቀዝ ያለ እንጂ ከበረዶ የወጣ አትቅዱ፤ በጣም ሲቀዘቅዝ የማሩ ሽታ ይሞታል።

በባሌ ብዙ ደንበኛችሁ አልኮል አይጠጣም፤ ስለዚህ ብርዝ ከጠጅ ባልተናነሰ ጥንቃቄ ይሠራ። ውሃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ ማሩን በርዙ፣ ጌሾ በነካው ዕቃ አታድርጉት፤ በዚያው ቀን ይለቅ። ያደረ ብርዝ ሙቀት ካገኘ መፍላት ይጀምራልና «አልኮል የለውም» ብሎ ማቅረብ የሰውን እምነት መድፈር ነው። ከጨጨብሳ ወይም ከገንፎ ጋር ቢቀርብ ማለፊያ ቁርስ ይሆናል።

ጠዋት ወደ ሳነቴ ለሚወጣ እንግዳ ማታ ብዙ ጠጅ አታቅርቡ፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው፤ መጠጥ ያደረበት ሰው ላይ ከፍታው ይጸናል። ከሪራ በላይ ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ለሹፌርም ምሕረት የለውምና ለእሱ ብርዝ ይቀዳ። ጠጁን ሲመለሱ፣ ከጥብሱ ጋር፣ የትኛው ቀፎ አገር ማር እንደሆነ ነግራችሁ ስጧቸው።