ትዝታ ምንጭ ይሆናል ወይ? ስለ ጭሱ ባቡር ለሚጽፍ ጋዜጠኛ

በፊቸር አጻጻፍ ትምህርት ላይ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። ሰዎች የሚያስታውሱትን ጋዜጠኛው እንዳለ ይጽፈዋል ወይስ እንደ ማንኛውም መረጃ ያጣራዋል? ፈተና ላይ ሁላችንም «ያጣራዋል» ብለን እንጽፋለን። በተግባር ግን ነገሩ ትዝታ ሲሆን እጃችን ይላላል። ምን ይደረግ፣ ትዝታ እኛ ዘንድ የቅኝት ስም እስከ መሆን የደረሰ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ጉዳይ ላይ ለማየት እሞክራለሁ። ጉዳዩ የቀድሞው የአዲስ አበባ - ጅቡቲ ባቡር ነው።

ከቃሉ ልጀምር። «ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ እንፋሎት ማለት ነው፤ ሥሩ የፈረንሳይኛው «ቫፐር» ነው። ቱርኮች በዚሁ ቃል መርከብ ይሉበታል። ትግርኛም መርከቡን «ባቡር ባሕሪ»፣ የሐዲዱን ደግሞ «ባቡር ምድሪ» ብሎ ይለያቸዋል። የእኛ «ምድር ባቡር» ከዚያው ወገን ነው። በገጠር የእህል ወፍጮውም ባቡር ይባላል። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ለመንገድ ሥራ ያስመጣው የእንፋሎት ሞተርም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል፤ ሐዲድ ግን አልነበረውም። ሰባራ ባቡር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያው ሞተር እንደሆነ ይነገራል። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ «ባቡር» ሲሉ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ የሪፖርተሩ የመጀመሪያ ሥራ ነው ማለት ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። መስመሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከታች ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ድሬዳዋ እንዲህ ተወለደች። ኩባንያው ከሰረ፣ በሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተተካ፣ ብዙ ፖለቲካም አለበት፤ እሱን ለታሪክ ክፍል ተማሪዎች ልተወው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ሲሆን ዛሬም ቆሞ የምናየው የለገሃር ጣቢያ የተመረቀው በ1922 ነው። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ጃንሆይ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በእኛ መስመር ላይ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች የእንፋሎቱን መተካት የጀመሩት በ1940ዎቹ ነው። ውኃ በሌለበት በረሃ ውኃ የሚጠጣ ሞተር መንዳት አስቸጋሪ ነበርና ለውጡ ለኩባንያው እፎይታ ሳይሆን አልቀረም። ይህች አንዲት ቀን ለእኛ ሙያ ትልቅ ዋጋ አላት። የእንፋሎቱን ባቡር በሰባት ዓመቱ፣ በ1947 ዓ.ም. ያየ ልጅ ዛሬ ሰማንያ ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው። ከዚያ በታች ዕድሜ ያለው ሰው «የጭስ ባቡሩን አስታውሳለሁ» ካለ ቆም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እዚሁ መካኒሳ አቦ ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አሉን። «ጋሼ፣ የድሮውን ባቡር ያስታውሱታል?» ብዬ ብጀምር «አቦ፣ አንቱ አትበለኝ፣ የድሬ ልጅ ነኝ!» አሉኝ። (ድሬዎች አንቱታ እንደማይወዱ ሰምቼ ነበር፤ እኔ ግን እዚህ ጽሑፍ ላይ አንቱ ማለቴን አልተውም፣ እናቴ ብታነበው ትቆጣለች።) ጥቁር ጭሱ ሰማዩን ሲሞላው፣ ፊሽካው ከሩቅ ሲሰማ፣ ልጆች ሁሉ ወደ ጣቢያ ሲሮጡ በደንብ ነገሩኝ። ስንተኛ ክፍል እንደነበሩ ጠየቅኳቸው። አራተኛ። ዓመተ ምሕረቱስ? ትንሽ አሰቡና «ጃንሆይ ሊወርዱ አካባቢ» አሉ። ጃንሆይ የወረዱት በ1967 መስከረም ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን ያዩት ናፍጣ ነው።

ታዲያ ዋሹ ማለት ነው? በጭራሽ። ናፍጣም ይጨሳል፣ ያውም አሮጌ ናፍጣ። ፊሽካውም እውነት ነው፣ ሩጫውም እውነት ነው። የተጨመረው ነገር የእንፋሎቱ ሥዕል ነው፤ እሱ ከፊልም፣ ከአባት ወሬ፣ ከፎቶግራፍ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሪፖርተሩ ይህን ሳያጣራ «የመጨረሻውን የእንፋሎት ባቡር ያዩ አባት» ብሎ ርዕስ ቢሰጥ ግን ስህተቱ የሽማግሌው ሳይሆን የሪፖርተሩ ይሆናል። ጥያቄዬ የወሰደው ሁለት ደቂቃ ነው። ዓመተ ምሕረት ለማያስታውስ ሰው ክፍሉን፣ የንጉሡን ወይም የመንግሥቱን ዘመን፣ የታላቅ ወንድሙን ሠርግ መጠየቅ ይሻላል።

ትዝታው የሚጠቅምበትም ቦታ አለ። መዝገብ ላይ የማይገኝ ነገር ያለው እሱ ዘንድ ነው። ጎረቤታችን ስለ ነጋዴ ሴቶቹ የነገሩኝን የትኛውም የኩባንያ ሪፖርት አይጽፈውም፤ ከድሬዳዋ ጨርቅና ዕቃ ይዘው የሚጫኑ፣ ፊናንስ ሲመጣ ጥቅሉን በመስኮት የሚወረውሩ፣ ቀጥሎ ባለው ጣቢያ የሚለቅም ዘመድ ያላቸው ሴቶች። ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር... አንዳንዱ ከተማ የኖረው ባቡሩ በሚቆምባት ደቂቃ ነው። ሎሚ፣ እንቁላል፣ የሚጠጣ ውኃ የሚሸጥባት ደቂቃ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ሲቆም የእነዚህ ሰዎች ገበያ አብሮ ቆመ። በእኔ አስተያየት ስለ ባቡሩ መቆም መጻፍ ያለበት ፊቸር ይህ ነው፤ ስለ ፊሽካው ብዙ ተብሏል። የእኛ ዕድሜ ሰው «ሸመንደፈር» የሚለውን ቃል እንኳ የሚያውቀው ከቴዲ አፍሮ ዘፈን ነው።

ትዝታ የሚተወውን ደግሞ እንይ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ፉርጎዎች ወደ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ባቡሩ ድልድዩ ላይ ያለውን ኩርባ ሲይዝ ፍጥነቱን አለመቀነሱ በወቅቱ በምክንያትነት ተገልጿል። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከባዱ ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። በዚያው ዓመት አገሪቱ በድርቅና በረሃብ ውስጥ ስለነበረች ይሆን እንጃ፣ ስለ ድሮው ባቡር በሚነገሩ ጨዋታዎች ውስጥ አደጋው ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። ጎረቤታችንን ስጠይቃቸው ዝም አሉ። ቆይተው «እሱን አላወራም» አሉ። አላስገደድኳቸውም። ግን ያቺ ዝምታ ራሷ መረጃ ናት፤ ከትዝታው ውጭ የሆነ ነገር እንዳለ ትናገራለች። ከዚህ በኋላ የጋዜጠኛው መንገድ ወደ ሌላ ምንጭ፣ ወደ ጋዜጣ ማኅደርና ወደ ተጎጂ ቤተሰቦች ነው። ከዚያ በፊት በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋርጦ ነበር። እሱንም «የደጉ ጊዜ» ትረካ አይወደውም።

ሌላ አገር ሰዎች ስለ እንፋሎት ባቡር ያላቸው ናፍቆት ከወሬ አልፎ ሥራ ሆኗል። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት የእንፋሎት ባቡርን ከመደበኛ አገልግሎት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሜልቦርን አጠገብ ያለው «ፐፊንግ ቢሊ» የተባለ ትንሽ ባቡር ግን ከተዘጋ በኋላ በበጎ ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. በ1962 እንደገና መሄድ ጀመረ፤ ዛሬም የእንፋሎት ሞተር እየጎተተ ጎብኚ ያመላልሳል። ቅርባችን ኤርትራ ውስጥ ደግሞ ከነጻነት በኋላ የምጽዋ - አስመራውን መስመር መልሰው ሲሠሩት ጡረታ የወጡ ሠራተኞችን ከቤታቸው ጠርተው፣ በ1930ዎቹ ጣሊያን ውስጥ የተሠሩ የእንፋሎት ሞተሮችን ጠግነው ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ነገር በቡሎንና በቧንቧ ተፈተነ። ትዝታቸው ትክክል ባይሆን ሞተሩ አይነሳም ነበር። ለጋዜጠኛ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ቢኖረን ጥሩ ነበር!

እኛ ጋ ያለው ሁኔታ ይለያል። አዲሱ ኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። የመንገደኛ ጣቢያው ለገሃር አይደለም፣ ለቡ ነው፤ ከእኛ ከመካኒሳ አቦ ብዙም አይርቅም። ጣቢያዎቹ በአብዛኛው ከከተማ ወጣ ያሉ በመሆናቸው እንደ ድሮው ሎሚ ይዞ በእግር ሮጦ የሚደረስባቸው አይደሉም። ለገሃር ላይ ደግሞ በኅዳር 2011 ትልቅ የግንባታ ፕሮጀክት የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ታሪካዊው ጣቢያ እንደሚጠበቅ ተነግሯል። ሕንፃው ይጠበቃል እንበል። ባቡሩን የነዱት፣ ሐዲዱን ያቀኑት፣ ድሬዳዋ ጋራዥ ውስጥ መለዋወጫ ጠፍቶ ራሳቸው እየቀረጹ የገጠሙት ሰዎች ግን በዕድሜ ላይ ናቸው። የእንፋሎቱን ዘመን በቀጥታ የሚመሰክር ሰው ለማግኘት ከአሁኑም ዘግይተናል። የናፍጣዎቹ ሰዎች ግን ገና አሉ፤ ድሬዳዋ ከዚራም፣ እዚሁ አዲስ አበባም። የክፍላችን ተማሪዎች የተግባር ልምምድ ርዕስ ስንፈልግ ሁሌ ወደ አንድ ዓይነት ታዋቂ ሰው እንሮጣለን። የአንድ ጡረተኛ ሎኮሞቲቭ ነጂ ቃለ መጠይቅ በድምፅ ተቀርጾ፣ ዓመተ ምሕረቱ ተጣርቶ፣ በክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ የሚያስወጣው የአውቶቡስ ትኬትና አንድ ከሰዓት ነው።