ፒሬ ከውስጥ ለምን ጠቆረ?

ጥያቄ፦ ኦሪገን ነው የምኖረው። ከጓሮዬ የለቀምኩት ባርትሌት ፒር ፍሪጅ ውስጥ ወር ሳይሞላው ከላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ቡናማ ሆነ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ዛፉ ላይ እስኪለሰልስ ጠብቀው ይሆናል። ፒር የሚበስለው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ላዩ ሲለሰልስ መሃሉ አልፎበታል። ስለዚህ ገና ጠንካራ ሳለ፣ ፍሬውን ወደ ላይ ቀና ሲያደርጉት በቀላሉ ከተላቀቀ ይልቀሙትና ሳይውል ሳያድር ያቀዝቅዙት። 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሆነው የቤት ፍሪጅ ለረጅም ጊዜ ማቆያ ይሞቃል። የሚስማማው ዜሮ ወይም 1 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ ከ90 እስከ 95 በመቶ እርጥበት ነው። እንዲህ ከተያዘ ባርትሌት ከ2 እስከ 3 ወር፣ አንጁ የተባለው የፒር ዝርያ ደግሞ እስከ 6 ወር ይቆያል። ከፖም ያርቁት፤ የበሰበሰች ፍሬ ካዩ ቶሎ ያውጧት። ለመብላት ሲፈልጉ ከፍሪጅ አውጥተው ጥቂት ቀን ቤት ውስጥ ያሳድሩት። አንገቱን በጣት ሲጫኑት ለስለስ ካለ ደርሷል።